ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል?

ተማሪዎቹ «እርጎ» ይሉታል። ስሙን ራሱ ነው ለራሱ ያወጣው ማለት ይቻላል። በየዓመቱ ስለ ይርጋ፣ ማለትም ስለ ክስ የጊዜ ገደብ፣ ሲያስተምር፣ «ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ መብትም ጊዜው ካለፈ ይረጋና ለያዘው ሰው ይሆናል» ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን ከራሱ በቀር የሳቀለት የለም። ፊቱም ከስሙ ጋር ይስማማል፤ የሰነበተና የኮመጠጠ ነው።

የሚያስተምረው ትምህርት «ሕግና ማኅበረሰብ» ይባላል። ሐኪም ሊሆን የመጣውም፣ ድልድይ ሊሠራ የመጣውም፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሳይወድ በግድ ይማረዋል። አዳራሹ ከብረታ ብረት መለማመጃው ፊት ለፊት ነው። መስኮቱ ሲከፈት የብረት መቁረጫው ጩኸት ጆሮ ይበሳል፤ ሲዘጋ ሰባ ሁለት ሰው በላብ ይታፈናል። እርጎ ሁልጊዜ ያስዘጋዋል። የዘገየውን በር ላይ አቁሞ ያስለምነዋል፣ ያንቀላፋውን በጠመኔ ይመታዋል፣ «ዳኛ ፊት ብትሆኑ ይሄኔ ተፈርዶባችሁ ነበር» ይላል። ራሱ ዳኛ ለመሆን ሁለቴ አመልክቶ ሁለቴ ወድቋል፤ ቂሙን ታዲያ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ ያከፋፍላል። ስለዚህ ሰውዬ ደግ ነገር ተናገር ብባል የማገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ሕጉን ያውቃል። አንቀጹን ከነቁጥሩ በቃሉ ይወጣዋል፤ በዚህ ማንም አይደርስበትም።

ዘንድሮ የስም ዝርዝሩ ላይ የእህቱን ልጅ አገኛት።

ከታላቅ እህቱ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆኑ አራት ዓመት አልፏል። እናታቸው በሞቱ በሳምንቱ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እትዬ፣ ቤቱን እኮ በሕይወት እያለች ለኔ ሰጥታኛለች። የስጦታ ውል አለኝ» አላት። ውል የሚባል ወረቀት አልነበረም። እሷ ግን ሕግ የሚያስተምር ወንድሟ የተናገረውን እንዴት ትጠርጥር? እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችበትን ቤት ለቃ፣ ልብሷን በሁለት ከረጢት አድርጋ፣ ልጇን ይዛ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። «እናቴ ጨከነችብኝ» እያለች ሟቿን ስትወቅስ ኖረች። እሱ ይህን እየሰማ አንድ ቀን እንኳ አላረማትም። ቤቱን መውሰዱን ሰው ይቅር ይለው ይሆናል፤ ይህችን ግን እንጃ።

ክፍል ውስጥ ዝምድናቸውን የሚያውቅ አልነበረም። እሱ በመዝገብ ቁጥሯ ይጠራታል፤ እሷም «አቤት፣ መምህር» ትላለች። ጥያቄ ስለምታበዛ ልጆቹ «የእርጎ ዝንብ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

የይርጋ ትምህርት ቀን ደረሰ። እርጎ የተለመደ ቀልዱን ቀለደ፣ ማንም አልሳቀም። «ወራሽ ድርሻውን ሌላ ሰው ከያዘበት በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ካለፈ አለፈ!» ብሎ ጠመኔውን ሲያስቀምጥ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሦስት ዓመቱ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?»

«ምን ለማለት ነው?»

«ለምሳሌ የአንዲት ሴት እናት ሞቱ እንበል። ወንድሟ ‹ቤቱ የኔ ነው፣ ውል አለኝ› ብሎ አስወጣት። ከአራት ዓመት በኋላ ልጇ ለሌላ ጉዳይ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ፋይሉን ብታየው፣ ቤቱ አሁንም በሟቿ ስም ነው፤ ውል የሚባል ነገር የለም። እናትና ልጅ ይህን ያወቁት ባለፈው ወር ነው። የሚቆጠረው ከሞት ቀን ነው ወይስ ካወቁበት?»

«የእርጎ ዝንብ ደግሞ ጥልቅ አለች!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

እርጎ ክው አለ። መልሱ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሕጉ «ካወቀበት ቀን ጀምሮ» ይላል፣ ወዲህ ወዲያ የለውም። ይህን ካለ ግን እህቱ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ናት፤ ቤቱም ለሁለት ነው።

«ከሞት ቀን» አለ። «አራት ዓመት ካለፈ ሴትዮዋ አርፋ ትቀመጥ። ጻፉ!»

ሰባ አንዱ ጻፉ። እሷ ለረጅም ጊዜ አየችውና ደብተሯን ዘጋች። እርጎ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ያን ዕለት እያፏጨ ነው ቤቱ የገባው።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። የማጠቃለያ ፈተናውን የምታወጣው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ እርጎን ሳታማክር፣ ሦስት መምህራን ለሚያስተምሯቸው ሦስት ክፍሎች አንድ ፈተና፣ አንድ የመልስ ወረቀት ታዘጋጃለች። ሃያ ነጥብ የያዘው አራተኛው ጥያቄ፣ የውርስ ክስ ይርጋ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ነበር። መልሱ «ካወቀበት ቀን» ይላል። እርጎ ሊያርም ሲቀመጥ ሰባ አንዱም «ከሞት ቀን» ብለውለታል፤ እንዲያውም አንዱ ቃሉን ሳያዛንፍ «ሴትዮዋ አርፋ ትቀመጥ» ብሎ ጨምሯል። ልክ ነው ብሎ እንዳያልፍ ኃላፊዋ የታረመውን እየመዘዘች ታያለች። ስለዚህ ምን አደረገ መሰላችሁ? ራሱ ያስተማረውን በቀይ እስክሪብቶ ሰባ አንድ ጊዜ ሰረዘው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሲሰርዝ እንኳ ፊቱ አልተለወጠም።

አንዲት ወረቀት ብቻ ልክ ነበረች። የማን እንደሆነች አይጠፋችሁም። ቤተ መጻሕፍት ገብታ ሕጉን ራሱን አንብባ፣ አንቀጹን ከነቁጥሩ ጠቅሳለች። ጥርሱን ነክሶ ሃያ ከሃያ ሰጣት።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት የኃላፊዋ ቢሮ በተማሪ ተጨናነቀ። ከግማሽ በላይ ወድቀዋል። ደብተራቸውን ገልጠው ጠረጴዛዋ ላይ ደረደሩት፤ ሁሉም አንድ ገጽ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። እርጎ ተጠራ።

«ይሄን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?» አለችው ኃላፊዋ።

ደብተሮቹን አየ። አላስተማርኩም እንዳይል በሰባ አንድ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። አውቄ ነው ቢል ለምን ይባላል፤ ለምን ከተባለ ቤቱ ይመጣል። አለማወቅ ወንጀል አይደለም።

«ተሳስቼ ነው» አለ። «ሰው አይደለሁ? እድሜም መጣ፤ አንቀጽ ይምታታብኛል።»

«እርስዎ በተሳሳቱት እኛን ይጥሉናል?» ብሎ የክፍሉ ተጠሪ ጮኸ። «እንቅልፍ ስለወሰደን እንኳ ነጥብ የሚቆርጡ ሰውዬ!»

«በቃ፣ ተረጋጉ» አለች ኃላፊዋ። «ስህተት ከሆነ ጥያቄው ይሰረዛል፤ ነጥባችሁ እንደገና ይታያል።» እስክሪብቶዋን አነሳች። እርጎ ላቡን ጠረገ፤ ተርፏል።

«አልተሳሳተም» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

የእህቱ ልጅ ነበረች። ሃያ ከሃያ ያገኘች ተማሪ እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበራትም። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት።

«አጎቴ ነው፤ የናቴ ታናሽ ወንድም። ከሱ በላይ ሕግ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። አንድ አንቀጽ ተምታቶበት አያውቅም። ያን ቀን የጠየቅኩት ስለ እናቴ ነበር፤ የምትኖርበትን ቤት ቀምቷት የተቀመጠው እሱ ነው። ትክክለኛውን መልስ እያወቀ ነው የዋሸኝ። አውቆ ነው።»

ኃላፊዋ ወደ እሱ ዞረች።

«እውነት ነው? ሕጉን ያውቁት ነበር?»

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲያስተምር፣ ይህ ሰው ሕግ ያውቃል ብሎ በሰው ፊት የመሰከረለት ተማሪ ይህች የመጀመሪያዋ ነበረች። እርጎ አንገቱን ደፋ።

«የለም» አለ። «አላውቅም።»