የደቦው አለቃ የወረደበት ቀን

በነገሩ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ዘጠኝ ዓመት የመንደራችን ደቦ አለቃ የነበርሁት እኔ፤ ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው ልጄ፤ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን፣ የጤፉ ባለቤት፤ ከነገር ሁሉ ቀልድ የሚያወጣው አበልጄ፤ የቀሩት ማጭድ ይዘው የመጡ አሥር ጎረቤቶች።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ማንበብን ራሴን አስተምሬ ስለ አብዮት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ልጄንም «ያልመረጥሽው ሹም አይግዛሽ» እያልሁ ነው ያሳደግኋት። በደቦዬ ግን ዘፈን የለም። ዘፈን እጅ ያሰንፋል ብዬ አምን ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። በማግስቱ ማጭድ አይነካም፤ ደመናው ደግሞ ከዓባይ በኩል ይከማቻል። የጎረቤታችን ጤፍ ያን ቀን ካልታጨደ የዓመት ቀለቧን ዝናብ ሊመታው ነው። ገና ሰልፍ ስንይዝ አበልጄ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ገሠጽሁት። ልጄ ቀና አለች።

«አባዬ፣ እርስዎን ማን መረጠዎት?»

አበልጄ፣ እሱ እንኳ አክሊል ደፍቼ የተወለድሁ መስሎት እንደኖረ ተናገረ። ሳቁ ሳያልቅ እጅ ወጣ፤ ወረድሁ። አኩርፌ ድንበሩ ላይ ተቀመጥሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋታቸውን እየጠበቅሁ።

አልዘገየም። አለቃ ይመረጥ ተባለ፤ ከዚያ ኮሚቴ፤ ከዚያ የኮሚቴው ሰብሳቢ፤ ከዚያ የጠላ ኃላፊ፤ ለዚህኛው ሰባት ሰው ተወዳደረ። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። አለቃ ለማውረድ እጅ ማንሣት ይበቃል፤ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ማጭዱን ማንሣት ነው። ባለ ጤፏ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ወንድም ዓለም፣ እናንተ ተመራርጣችሁ ትጨርሳላችሁ፤ ጤፌ ግን ዝናብ አይችልም።»

አፈርሁ። ማጭዴን ይዤ ብቻዬን ማጨድ ጀመርሁ። ልጄ አየችኝና ኮሚቴውን ትታ ከፊት ገባች፤ ዘፈን አወጣች፤ ሁሉም እየተቀበለ ተከተላት። እኔም ከጅራት ሆኜ ተቀበልሁ፤ አበልጄ «በሬው አገሣ» ብሎ አሳቀብኝ። እጃችን እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ተሳስቼ ነበር፤ መውረድ ይገባኝ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝናቡ መጣ። በምርጫ ያለፈው ጊዜ የታችኛውን ጥግ ሳይታጨድ አስቀረው፤ ያ ተኝቶ በሰበሰ። የጎደለባትን አውራጁም ወራጁም ተባብረን ሞላንላት፦ ከአሥራ ሁለቱ ቤት አንድ አንድ ቁና ጤፍ፣ ከእኔ ስለ ኩርፊያዬ ተጨማሪ አንድ፤ በድምሩ አሥራ ሦስት ቁና።