የባለምልክት አክስል

የሥራ ባልደረቦቹ «ባለምልክት» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ያለ ምክንያት አይደለም። የምሳ ዕቃው ክዳን ሥር ሁለት የቀለም ነጥብ አለ። የዣንጥላው እጀታ ላይ በምላጭ የተጫረ መስመር አለ። ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥበት ወንበር እንኳ ከሥሩ የእሱ መሆኑን የሚናገር ጭረት አያጣም። ሰው ቀይሮበት ያውቃል ወይ ብትሉ፣ አንድም ቀን አያውቅም። እሱ ግን «ያልቀየሩብኝ ምልክት ስላለው ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትረቱታላችሁ?

ሥራው የውኃ ፓምፕ መጠገን ነው። ከከተማው ወጣ ብለው በየኮረብታው የተበተኑ መንደሮች ፓምፓቸው ሲቆም እሱን ያስጠራሉ፤ እሱም መፍቻና ቧንቧውን ጭኖ ድንጋይ ለድንጋይ ይወጣል። በመሥሪያ ቤቱ መኪና መሄድ አይወድም፤ ሾፌሩን አያምነውማ። የሚሄደው ሲያስፈልግ አራቱም ጎማዋ በሚጎትተው በራሱ አሮጌ የመስክ መኪና ነው። ጠዋት ሚስቱን ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት የምታደርሰውም፣ ቅዳሜ አስቤዛ የምታመላልሰውም ያችው መኪና ናት።

ይህችን መኪና ከፍ አስደረጋት። ረጃጅም ሞላ አስገባላት፤ ቀጥሎም ለትራክተር የሚበቃ ጎማ አጠለቀላት። ሚስቱ ቀሚሷን ሰብስባ ለመውጣት በርጩማ ያስፈልጋት ጀመር። «ተማሪዎቼ ቲቸር ጣሪያ ልትጠግኚ ነው ወይ ይሉኛል» ትለዋለች። እሱም በርጩማው ላይ ምልክት አደረገበት።

ከፍታው ሲመጣ ጣጣውም ተከትሎ መጣ። ትልልቆቹ ጎማዎች የሞተሩን ኃይል ለሚያከፋፍላቸው ለድሮው ዲፈረንሻል ከበዱት። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትነሳም። ከዲፈረንሻሉ ወጥተው የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች፣ አክስሎቹ ማለት ነው፣ ለትንሽ ጎማ የተሠሩ ቀጫጭኖች ናቸው። አንድ ቀን ወንዝ መሐል ጎማው በድንጋይ ተይዞ ነዳጅ ሲሰጣት ከሥሯ አንድ ነገር ሲያቃስት ሰማ። ከዚያች ቀን ወዲያ ሰላም አጣ።

መካኒክ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። የሚስቱ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ ወንድሟ ሰባት ዓመቱ ነበር። አጥባ፣ አብልታ፣ ደብተሩን አርማ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬም ጋራዡ በር ላይ ብቅ ስትል የቅባት እጁን ከኋላው ደብቆ ልጅ ይሆንባታል። ጋራዡ ሁለት መኪና ቢይዝ ነው፤ መፍቻዎቹ ግን ግድግዳው ላይ በየቁመታቸው ተሰቅለዋል፤ አንዱ ቢጎድል ቦታው አፍ አውጥቶ ይናገራል። በንጹሕ ሥራው የታወቀ ሰው ነው። ባለምልክት ይህን ሁሉ ያውቃል። ማወቁ ግን ሆዱን አላሳረፈለትም።

«ጋሼ፣ ከተነካ አይቀር የፊቱም የኋላውም ይቀየር» አለው መካኒኩ። «ዲፈረንሻሉ ውስጥ ትልቁና ትንሹ ጥርስ አሉ አይደል፣ ኮሮናና ፒኞኑ? የፊቱና የኋላው ካልተመጣጠነ መኪናዋ ከራሷ ጋር ትጣላለች። አክስሎቹንም ወፋፍራም እናድርጋቸው።»

«አሮጌዎቹስ የት ይሄዳሉ?»

«የት ይሄዳሉ? ይዘሃቸው ትሄዳለህ።»

«ስትፈታ እኔ እያየሁ ነው የምትፈታው?»

መካኒኩ ሳቀ። «ከፈለግህ ወንበር አመጣልሃለሁ።»

ሳቁ ለባለምልክት አልጣመውም። ሰው ተጠይቆ ለምን ይስቃል? ደግሞስ እዚያ ጥግ ላይ የቆመችው መኪና የእሱኑ ዓይነት አይደለችም እንዴ? ባለቤቷ ማን ነው? እሱስ አክስል አይፈልግም? ቤቱ እስኪደርስ ይህን ሲያብሰለስል ሄደ።

ዕቃው ከሌላ ከተማ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ጋራዡ አልወሰደውም። ጓሮ ወስዶ ከፈተው። ሁለቱ አክስሎች በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው ያብረቀርቃሉ። እነዚህን እንዴት አድርጎ ነው ለሰው አሳልፎ የሚሰጠው? ቀለም በቤንዚን ይለቃል። ተለጣፊ ወረቀት ይነሳል። ሞረድ አመጣ። ሞረዱ ብረቱ ላይ ተንሸራተተ እንጂ አልነከሰውም፤ ሸክም እንዲችል ሆን ተብሎ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። ባለምልክት ብረት የሚቆርጠውን ግራይንደር ሰካ። በእያንዳንዱ አክስል አንገት ላይ፣ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ጥርስ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቁርጥ አሳረፈ። ብልጭታው ሲበርድ ቦታው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። በዘይት ወልውሎ፣ በወረቀቱ ጠቅልሎ ወደ ሣጥኑ መለሰው። ለማንም አልተነፈሰም። ደስ ብሎት ዋለ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያውን ቀን ባለምልክት እውነትም ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ እያንዳንዱ ቡሎን ሲወጣ በዓይኑ ሸኘው። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ መንደር ፓምፑ ቆሞ ሰው ውኃ አጣ ተባለና በመሥሪያ ቤቱ መኪና እያጉረመረመ ሄደ። አክስሎቹ የገቡት ያን ቀን ነው።

ማምሻውን ሲመለስ መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማለች። አሮጌዎቹ ዕቃዎች ካርቶን ላይ ተደርድረዋል። መካኒኩ ቁልፉን ሰጠው፤ ዓይኑን ግን አላየውም። ወትሮ «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ለአንድ ሳምንት ቀስ አድርገህ ንዳት» የሚለው ሰው፣ ዛሬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጀርባውን ሰጠው። ያላጠፋ ሰው ለምን ፊቱን ያዞራል?

አምስት ወር ያህል መኪናዋ ዳገቱን እየሳቀች ወጣችው። የእሱ ልብ ግን አላረፈም። በየሳምንቱ ከሥሯ ገብቶ በጀርባው እየተንፏቀቀ ያያል። ምን ሊያይ? ምልክቱ ያለው ውስጥ ነው፤ አክስሉ ካልተመዘዘ አይታይም። ይህን አስቀድሞ አለማሰቡ ራሱን አናደደው፤ ንዴቱም ዞሮ መካኒኩ ላይ አረፈ።

«ከኋላ ድምፅ አይሰማሽም?» ይላታል ሚስቱን።

«አይሰማኝም።»

«ያ ወንድምሽ...»

«ወንድሜ ምን?»

«ምንም።»

አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለችው ትንሽ ዳገት ቆመው ተማሪዎች አሳለፉ። ሊነሳ ነዳጅ ሲሰጣት ከሥር ጥይት የሚመስል ድምፅ ወጣ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ወደፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው። ስትቆም፣ ከኋላዋ እየተሻገሩ በነበሩት ልጆችና በመኪናዋ መካከል አንድ ክንድ ቢቀር ነው። ሚስቱ በርጩማውን ሳትጠብቅ ዘልላ ወርዳ ልጆቹን አንድ በአንድ እየነካካች አየቻቸው። ማንም አልተነካም።

«ወንድምሽ አስጨርሶን ነበር» አላት ተመልሳ ስትመጣ። «አዲሱን ሸጦ የሌላ መኪና አሮጌ አስገብቶልኛል።»

መኪናዋን እዚያው አቁሞ በእግሩ ቀጥታ ጋራዡ ሄደ። ሦስት ደንበኞች ቆመዋል። «አዲሶቹን አክስሎች ለማን ሰጠሃቸው?» አለ ሁሉም እንዲሰማ።

መካኒኩ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ አስወጣውና እየው» ብቻ አለ።

«አንተ እንድታወጣው? ደግመህ እንድትቀይረው? ልጆች ልትፈጅብን ነበር እኮ።»

ከደንበኞቹ አንዱ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ወሬ እግር የለውም እንጂ ቢኖረው ጫማ ይጨርስ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ጋራዡ ጭር አለ።

ሚስቱ አልጮኸችም። ምግቡን አቀረበችለትና ቆማ አነጋገረችው።

«እሱ ሌባ ከሆነ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አረጋግጥልኝ። እውነት ከሆነ ዓይኑን አላይም። ውሸት ከሆነ ግን ካንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አልኖርም።»

እሷ ቃሏን እንደማታጥፍ ያውቃል። ቢሆንም ልቡ ሞልቶ ነበር፤ ምልክት አለዋ። መኪናዋን አስጎትቶ ከከተማው ማዶ ወዳለ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋራዥ ወሰዳት፤ ሚስቱንም ምስክር ትሁን ብሎ ይዟት ሄደ። አዛውንቱ የጎማውን ቡሎኖች ሲፈቱ ምስጢሩን ተናገረ። «የእኔ አክስል አንገቱ ላይ የግራይንደር ቁርጥ አለው። ከሌለው ተቀይሯል ማለት ነው።»

አዛውንቱ እጃቸውን አቆሙና አዩት። «የምን ቁርጥ?»

«ምልክት ነዋ።»

ወደ ቡሎኖቹ ተመለሱ። የተሰበረውን አክስል መዘዙ፤ ውስጥ የቀረውን ጫፍም በማግኔት ስበው አወጡት። ሁለቱን ጨርቅ ላይ አስተኝተው የእጅ ባትሪ አበሩ። ቁርጧ አለች። ስብራቱ መሐል ለመሐሏ አልፏል። ከቁርጧ ጀምሮ ያለው ግማሽ የስብራቱ ፊት ጠቁሯል፤ የቀረው እንደ ስኳር ያብለጨልጫል።

«የጠቆረው ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ የከረመው ነው» አሉ አዛውንቱ። «የሚያብለጨልጨው ያን ጠዋት የሄደው። ይህ ብረት መኪናውን ሙሉ የሚሸከም ነው፤ አንገቱ ላይ ግን ጭረት አይችልም። የቆረጠው ሰው ነው የሰበረው።» ከዚያም እንደመራራት ብለው «ያኛውም ጎን እንዲሁ ከሆነ እሱንም ይጣሉት» አሉት።

ሚስቱ ቁርጧን በጣቷ ነካቻት። ባለምልክት አሁን ገባው። አክስሉ አልተቀየረም፤ ማንም አልነካውም። ልጆቹ ላይ መኪናዋን የለቀቀው እሱ ራሱ ነው። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ሂድ» አለችው። «ባዋረድክበት ቦታ፣ ባዋረድክበት ድምፅ ንገረው። ከዚያ ወደ ቤት ና፤ ካልሆነ ግን አትምጣ።»

ጋራዡ ሲደርስ የሚሰማ ደንበኛ አልነበረም። መጀመሪያ አጠገቡ ካለው ጎሚስታ ጀመረ፤ ከዚያ ባለሱቁ፤ ከዚያ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሾፌሮች። «የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ልጁን በሐሰት ነው የወነጀልኩት» አለ ለእያንዳንዳቸው። ሾፌሮቹ ተያዩ፤ አንዱ «ጤና የለህም እንዴ?» አለው። መካኒኩ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቶ ነበር።

«ግባ ጋሼ» አለው። በሩን ዘጋው። ባለምልክት ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመው።

«አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«ቁርጡን። ወረቀቱን ስፈታ ገና። የዕቃ ጉድለት መሰለኝ፤ ሁለተኛውንም ስፈታ እዚያው ቦታ ላይ አየሁት፤ ያኔ ያንተ ምልክት መሆኑ ገባኝ። ሌባ ናት የምትለዋ እጄ ናት። ደሜ ፈላ። ይህ አክስል አይገባም፣ ይመለስ ማለት ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነው። የራሱ ጉዳይ ብዬ አስገባሁት።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እህቴ እንደምትሳፈርባት እያወቅሁ። በማግስቱ ልነግርህ ነበር፤ ነገ ነገ ስል አምስት ወር ሆነ።»

ባለምልክት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ሲጠብቃት የኖረው ጥፋት ይኸው በመካኒኩ በራሱ አንደበት ተነገረችው። ወደ ቤት ወስዶ ሚስቱ ፊት ቢያስቀምጣት የእሱ ኃፍረት በግማሽ ይቀልለት ነበር። እሷ ግን ያሳደገችውን ልጅ ታጣለች። መካኒኩም ይህንኑ እያሰበ ኖሮ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል።

«ሁለቱንም አውጥተህ ትጥላለህ» አለው በመጨረሻ። «አዲስ ሲመጣ በቀጥታ ወደ አንተ ይመጣል። ሌላውን ነገር አልሰማሁም።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ደብተር እያረመች ነበር። ቀና አለች።

«ይቅር አለህ?»

«አለኝ።»

«ሌላስ ምን አለህ?»

«ሌላ ምንም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቱን እንደ ተማሪ መልስ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«የደበቅኸኝ ነገር አለ» አለችው።

«የለም» አላት።

ሰው ሁሉ ይዋሸኛል ሲል የኖረ ሰው፣ ዓይኗን እያየ ዋሻት። እሷም አላመነችውም።