የዘሪሁን ሳምንት

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም፣ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ ነው። ከግራ ጆሮዬ በላይ ስድስት ቦታ የተሰፋ ጠባሳ ስላለኝ ፀጉር አስተካካዬ «ምን ሆነህ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። «የእረፍት ሳምንት ለዋውጬ ነው» እለዋለሁ። ይስቃል። እኔ ግን እውነቴን ነው።

ዘሪሁን ጓደኛዬ ነው፤ ስሙን ቀይሬዋለሁ። እኔ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መኪና አቆማለሁ። እሱ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ከስምንት ዓመት በፊት ነጻ ቁርስ አለ ተብለን በረሃ ውስጥ ወዳለ አንድ ሪዞርት ሄድን። ለአንድ ሰሃን እንቁላል አራት ሰዓት ሙሉ ሲያግባቡን ቆዩና ታይም ሼር ገዝተን ወጣን። በየዓመቱ አንድ የተወሰነ ሳምንት እዚያ ያለው አንድ ቤት የእናንተ ይሆናል ማለት ነው። የእኛ ሳምንት የፈረንጆች ፋሲካ የሚውልበት ነበር።

ባንክ ዘንድ ያለኝ ክሬዲት ከእሱ ይሻል ስለነበር በስሜ ተጻፈ። አንድ ዓመት እኔ፣ አንድ ዓመት እሱ ልንጠቀም ተስማማን። ወረቀት አልተጻጻፍንም። እንደ ወንድሜ ከማየው ሰው ጋር መፈራረም ያሳፍረኝ ነበር።

የሳምንቱ ጣጣ ጾም ላይ መውደቁ ነው። የፈረንጆች ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው እኛ ገና ሁዳዴ ላይ እያለን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መዋኛው ዳር ሥጋ ሲጠብስ እኔ ከቤት ያመጣሁትን ሽሮ እያሞቅሁ ጭሱን ሳሸት እውላለሁ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አሳለፍኩት። በሦስተኛው ተናደድኩ።

ሐበሻ በሚሰበሰብበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሼ መኮንን እሳቸውም ታይም ሼር አላቸው፤ ለብዙ ዓመታት ሲለዋወጡ ኖረዋል። ሳምንትህን ለልውውጥ ድርጅት ታስረክባለህ፤ በምትኩ ሌላ ሰው ያስረከበውን፣ ሌላ ቦታና ሌላ ጊዜ ትወስዳለህ። ያዋጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያንተ ዊክ ሆሊደይ ስለሆነ ፓወር አለው» አሉኝ። «ቀደም ብለህ ዲፖዚት ካደረግህ ደህና ነገር ትጠይቅበታለህ። ግን አንዴ ከሰጠህ ሰጠህ ነው፣ አይመለስም። እኔ ባሕር ብዬ ጠይቄ ስንት ጊዜ ተራራ ላይ በረዶ አሳይተውኛል። የራስህን ቤት ቢያንስ ታውቀዋለህ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ዘሪሁንስ ምን አለ?» አሉ።

ዓመቱ የዘሪሁን ነበር። አልጠየቅኩትም። ሚስቱ ሰናይት ከተለያዩ በኋላ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ይዛ ዴንቨር ገብታለች። እሱ ሃውቶርን ውስጥ ከሦስት ወንዶች ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርቶ ይኖራል። ቤተሰብ ለሌለው ሰው «የእረፍት ሳምንትህን ትፈልገዋለህ?» ማለት ቁስሉን መነካካት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ ሳላናግረው ሳምንቱን ለድርጅቱ አስረከብኩት። በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ባሕር ዳር ለሁለታችን ጠየቅኩ። ሲረጋገጥልኝ ነግሬ ላስደስተው አስቤ ነበር። በሂሳቤ እንዴት እኮራ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ያን ረቡዕ ጋሼ መኮንን ምግብ ቤት በየዓይነቱ አዝዤ ተቀምጫለሁ። በሩ ተበርግዶ ዘሪሁን ገባ። በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። ጎማው ፈንድቶበት እርዳታ ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ «ምነው?» ብዬ ተነሳሁ።

በብረቱ ጭንቅላቴን አለኝ።

መጀመሪያ ምንም አላመመኝም። ድምፁን ነው የሰማሁት። ቀጥሎ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን ሊደግመኝ ሲያነሳ ፊቱን አየሁት፤ የሚያውቀኝ ሰው ፊት አልነበረም። ወንበር አንስቼ ደረቱ ላይ ሰካሁበትና ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። ትሪው ተገለበጠ፤ ሁለታችንም ወጥ ውስጥ ተንከባለልን። ጉሮሮዬን አነቀኝ። በክርኔ አፍንጫውን አልኩት፤ ሲሰበር ተሰማኝ፤ ደስ አለኝ። እንደገና አልኩት። የምዋሸው ነገር የለኝም፣ በዚያች ደቂቃ ልገድለው ፈልጌ ነበር።

ጋሼ መኮንን በሰባ ዓመታቸው መሃላችን ገቡ። ለእኔ የተሰነዘረው ብረት የእሳቸውን እጅ አገኘው። ሽማግሌው ሲጮሁ ነው ሁለታችንም የቆምነው።

ዘሪሁን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አፍንጫውና አፉ አንድ ላይ ይደማል።

«ልጄን ወሰድክብኝ» አለ። «ቅዳሜ ነው የምትመጣው። ሪዞርቱ ጋ ደወልኩ፣ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሉኝ።»

እየቆራረጠ ሲነግረን ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሃውቶርን ያሉት ወንዶች መሃል ልጅ ማሳደር ፍርድ ቤቱ አልፈቀደለትም። የሚገባ ቤት ካለው ግን በትምህርት ቤት እረፍት ለአንድ ሳምንት እንዲወስዳት ተፈቅዶለት ነበር። ያለው ቤት ያ የእኛ ሳምንት ብቻ ነው። አድራሻውን የፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ አስጽፏል። እኔ እንዳላውቅ የፈለገው አፍሮ ነው። ልጁን ካቀፋት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር።

የሆነ ሰው ደውሎ ኖሮ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ጋሼ መኮንን ብረቱን ቀይ ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ከተቱት።

«ማን መታህ?» አለኝ አንደኛው።

ዘሪሁን አላየኝም። መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ከታሰረ ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን ሌላውም ጊዜ እንደሚቀርበት አወቅኩ። ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር ወደቅሁ፣ እሱም ሊይዘኝ ሲል አብሮኝ ወደቀ አልኩ። ፖሊሱ ወለሉን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሐበሻ ነበር፤ አየሁ ያለ ሰው አልተገኘም። ስማችንን ጽፈው ሄዱ።

ከተሰፋሁ በኋላ ልውውጥ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ሳምንቱን ሌላ ቤተሰብ ወስዶታል፣ አይመለስም። ስለዚህ የኔን አፓርትመንት ለዘሪሁን ልለቅለት፣ እኔ ሃውቶርን ሄጄ አልጋው ላይ ልተኛ ተስማማን። የአድራሻውን ለውጥ ሰናይት መፍቀድ ነበረባት። እሱ ቢደውል እንደማትሰማው ስላወቅሁ ሐሙስ ማታ ራሴ ደወልኩላት። ሳምንቱ የጠፋው በኔ ጥፋት መሆኑን፣ ቤቴም ንጹሕ መሆኑን ነገርኳት።

«ኦኬ፣ ስለ ቤቱ ሰማሁ» አለችኝ። «ሶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፌርፋክስ ላይ ተደባደበ ሲሉ ሰምቻለሁ። መትቶሃል?»

 ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የሚሮጠውን ዘሪሁን አውቀዋለሁ። ብረቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳ የነበረውንም አይቼዋለሁ። የትኛውን ልንገራት?

«ልጄን እኮ ነው የምልክለት» አለች። «በእናትህ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

የታጠቀ ፖሊስ ዓይን እያየሁ የዋሸሁ ሰው እሷን መዋሸት አቃተኝ። «መትቶኛል» አልኳት። «እኔም መትቼዋለሁ። ግን እሱ...»

«አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ልጅቱ አልመጣችም። እሁድ ቤቴ ስሄድ ዘሪሁን አልጋዬን በአዲስ አንሶላ አንጥፎ፣ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንሶላው ላይ ቢራቢሮዎች አሉበት። አፍንጫው አብጦ በአፉ ነበር የሚተነፍሰው።

«ወሬ ነው የጨረሰኝ» አለኝ። «ፌርፋክስን ታውቀው የለ፣ አንዱ ነግሯት ነው።» ከዚያ ተነስቶ በፋሻው ላይ ጭንቅላቴን ሳመኝ። «አንተ ባትኖር ዛሬ እስር ቤት ነበርኩ» አለና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። የኔን ለቅሶ የይቅርታ መሰለው።

የነሐሴው ባሕር ተፈቀደልን። ማንም አልሄደበትም። ባለፈው ዓመት ሰናይት ልጅቱን ራሷ ይዛት መጥታ ሁለት ቀን አብረው እንዲውሉ ፈቀደች። ዘሪሁን አሁንም በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል፣ ባለውለታዬ ይለኛል። በዚያች ቃል እንዴት እንደምሸማቀቅ እኔ ነኝ የማውቀው። ታይም ሼር ያላቸው ሰዎች ልውውጥ ያዋጣል ወይ ሲሉኝ «ለማን?» እላቸዋለሁ።

ዘሪሁን ይህን አምድ ያነባል። ስሙን ብቀይረውም ራሱን አያጣውም። ለሰናይት የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ያንኑ እነግራታለሁ። ሳምንትህን ሳልጠይቅህ በመስጠቴ ግን እስክሞት ይጸጽተኛል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። እየፈራሁም ቢሆን በሩን እከፍትልሃለሁ።