ዘጠኙ የእናታችን ፎቶዎች

እናታችን በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ታናሽ እህቴን በሰው ሁሉ ፊት "እናትሽን ሁለተኛ ገደልሻት" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ። ለመመለስ ግን አልፈለግኩም፤ እንዲያውም ደገምኩት። የሚያውቁኝ ሰዎች ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው ይሉኛል። ውሸት አይደለም።

የጠቡ ምክንያት ካሜራ ነበር።

ያኔ ጂንካ መሀል፣ ከብት ከሚግጥበት የአውሮፕላን ማረፊያ ጥግ፣ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁት ሁሉ ነገሩ በእጅ በሆነ ካሜራ ነው። ፊልሙን በእጄ አሳልፋለሁ፣ ሌንሱን በእጄ አዞራለሁ፣ ሲያልቅም ወደ ቀፎው፣ ፊልሙ ተጠቅልሎ ወደሚሸጥበት ትንሽ ቆርቆሮ፣ በእጄ መልሼ እጠቀልላለሁ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ወደ ኦሞ ሲመላለስ የኖረ አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ ዲጂታል ገዛና የድሮውን ኦቶፎከስ ካሜራውን ለእኔ ሰጠኝ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ስትጫነው ሌንሱ ራሱ ዞሮ ዞሮ ፊቱን ያገኛል፤ ሲያገኝ "ጢጥ" ይላል። ከዚያ ጫን ማለት ብቻ ነው። መመሪያ ደብተር አልነበረውም። ቢኖረውም አላነብም ነበር፤ የአሥራ አምስት ዓመት ፎቶ አንሺ በደብተር ሊማር?

ሁለት ነገር ገርሞኝ ነበር። አንደኛ፣ ፊልም አጉርሼ ጀርባውን ስዘጋው ሞተሩ ረጅም ጊዜ ይጮሃል፤ ከዚያ ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ላይ ይቆምና በእያንዳንዱ ፎቶ ወደ ታች ይቆጥራል። ስንት እንደቀረኝ እየነገረኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ፊልም ስጨርስ ለመጠቅለል ዓይን የመጨፈን ያህል እንኳን አልፈጀበትም። ፍጥነቱን አደነቅኩለትና አለፍኩት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ።

ሁለተኛውን ፊልም ባጎረስኩ ሰሞን እህቴ በሚኒባስ ሹፌር መልእክት ላከችብኝ። "እማዬ ሕመሙ ጠንቶባታል። ፎቶ ማንሻህን ይዘህ ና፤ ራሷ ናት ያለችው።" እናቴ ዕድሜ ልኳን ፎቶ አልነሳም ብላ የኖረች ሴት ናት። "ፎቶ ለተማሪና ለሌባ ነው" ትለኝ ነበር፣ በአሪኛ፣ እየሳቀች። የዞኑን ሰው ሁሉ ያነሳሁ ሰውዬ የእናቴ አንድ ፎቶ አልነበረኝም። እሷ እሺ ካለች መሄጃዋን አውቃለች ማለት ነው።

እናቴና እህቴ የሚኖሩበት ገዘር ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። እናቴ ከመደቡ ላይ ተኝታለች፣ ቤቱ ጨለማ ነው። ካሜራውን ስደግን ሌንሱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያጣዋል። ቁልፉን እስከ ጥግ ብጫነውም አላነሳም አለ። ያላየውን አያነሳም። በጎኑ ባለው መቀየሪያ ወደ እጅ አዞርኩት፤ ያኔ ደግሞ እኔም አላየሁም። እንባዬ ነበር መሰለኝ። የባትሪው ምልክት ግማሽ ሆኗል፤ ያ ባትሪ ደግሞ ጂንካ ውስጥ አይገኝም።

"እናውጣት" አለች እህቴ።

በብርድ ልብስ አቅፈን ደጃፉ ላይ አስቀመጥናት። እህቴ ከጀርባዋ ደገፈቻት። ሌንሱ መጀመሪያ የበሩን ምሰሶ ያዘ፣ ቀጥሎ ብርድ ልብሱን። እናቴ ትስላለች፣ ፀሐይዋ ትሸሻለች፣ እኔ በካሜራው ላይ እራገማለሁ። በመጨረሻ ዓይኗ ላይ "ጢጥ" አለ። ዘጠኝ አነሳኋት። "በቃ፣ ደከመኝ" ስትል ቁጥሩ ሃያ ሰባት ላይ ነበር።

ቀለም ፊልም የሚታጠበው አርባ ምንጭ ተልኮ ነው። ያልተጨረሰ ፊልም መላክ ደግሞ አባካኝነት መሰለኝ። ሃያ ሰባቱን ሠርቼባቸው እልካለሁ ስል እናቴ በሳምንቷ ሞተች።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ እህቴን "ፎቶ ተነስታለች አሉ፤ እስቲ ፊቷን አሳይን" አሏት። እህቴ በቅዳሜ ገበያ ቱሪስቶች ሰው አንስተው የካሜራቸውን ጀርባ ዞር አድርገው ሲያሳዩ አይታለች። የሁሉም ካሜራ ፎቶ ከጀርባው የሚታይ መስሏታል። ካሜራዬን ከተሰቀለበት አወረደች፣ ጀርባውን ስትፈልግ መቆለፊያውን አገኘች፣ ከፈተችው።

ከለቅሶው ማዶ ሆኜ "ቀጭ" ሲል ሰማሁት። ሰው እየገፋሁ ደረስኩ። በስተቀኝ በኩል የተጠቀለለው ወፍራም ፊልም በቀን ብርሃን ያብለጨልጫል። አሥራ አምስት ዓመት የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ በስተቀኝ የተጠቀለለ ፊልም የተነሳ ፊልም ነው። ዘጠኙም ተቃጠሉ።

ካሜራውን ነጠቅኳት። ፊልሙን ከነቀፎው መንጭቄ አወጣሁት፤ ቀፎው ውስጥ የቀረውንም እስከ ጫፉ ጎትቼ ለሰው ሁሉ ወደ ፀሐይ ዘረጋሁት። "ተመልከቱ! እናቴ ይቺ ናት፣ ተመልከቷት!" አልኩ። ከዚያ ያን ቃል ተናገርኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፤ አውቄ ነው የለቀቅኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩ እህቴን "የእናቷን ፊት ያጠፋችው" ይላት ጀመር። ሦስት ዓመት ሙሉ ገዘር የሄድኩት ሁለቴ ብቻ ነው። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ግን አብራኝ አትቀመጥም። ስታገባ አልጠራችኝም። በሠርጓ ማንም ፎቶ እንዳያነሳ ከልክላ ነበር አሉኝ። ይህን ስሰማ እንኳን "ይበላት" ነው ያልኩት። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን ብዬዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ለተፈታኞች ጉርድ ፎቶ ላነሳ ዲመካ ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሃያ ተማሪ አንስቼ ወደሚቀጥለው ክፍል ስሻገር የካሜራው ማንገቻ ተበጠሰና ደረጃው ላይ ወደቀ፤ ጀርባው ብርግድ አለ። ፊልሙ ያው፣ በስተቀኝ ተጠቅልሎ ብርሃን ላይ። ለርዕሰ መምህሩ ተቃጥሏል፣ እንደገና ማንሳት አለብኝ አልኩት። አላመነኝም። "ሳይታጠብ በምን አወቅህ? አሳጥበህ አምጣልኝ" አለኝ። ይቺን እንኳን አያምነኝም ብዬ በንዴት ለማስረጃ አርባ ምንጭ ላክሁት።

የታጠበው ፊልም ሲመጣ በፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ ዘረጋሁት። ሃያ ትንንሽ ፊቶች ተደርድረዋል። የመጨረሻው ብቻ ግማሹ ጠቁሯል። ሙሉ በሙሉ የተቃጠለው ከሃያው በኋላ ያለው፣ ያልተነሳው ፊልም ነው።

በሩን ዘግቼ አዲስ ፊልም አጎረስኩ። ሞተሩ ያን ረጅም ጩኸቱን ጮኸ። ሦስት ፎቶ ግድግዳውን አነሳሁና ሆን ብዬ ጀርባውን ከፈትኩት። በስተቀኝ የተጠቀለለው ገና ያልተነሳው ነበር። ካሜራው ገና ሲዘጋ ፊልሙን ሁሉ ወደ ቀኝ ያወጣል፤ ከዚያ አንድ ፎቶ በተነሳ ቁጥር ያን ፎቶ ወደ ቀፎው መልሶ ይደብቃል። ጀርባው በስህተት ቢከፈት እንኳን የተነሳው እንዲተርፍ ነው እንዲህ የተሠራው።

እህቴ የከፈተችው ባዶውን ነው። እናቴ ቀፎው ውስጥ ነበረች። ወደ ፀሐይ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ እስከ ጫፉ።

ሁለት ወር ዝም አልኩ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ የሞተው ሞቷል፤ ማን ይጠይቀኛል? እንዲህ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ነገር ግን ደንበኛ ፊት ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር የእናቴ ፊት ይመጣብኝ ጀመር። አንድ አርብ ቀን ፎቶ ቤቱን ቆልፌ ገዘር ወጣሁ።

እህቴን ከእንሰቱ ሥር ኮረሪማ ስትለቅም አገኘኋት። ቆሜ ነገርኳት። ሳልቀመጥ፣ ሳላሳምር። እጇ ቆመ።

"እርግጠኛ ነህ፣ ጋሼ?"

"ሞክሬ አይቼዋለሁ።"

"ዘጠኙም ነበሩ?"

"ስምንቱ በእርግጥ ነበሩ። የመጨረሻዋን እንጃ።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። "እኔን የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው" አለች በመጨረሻ። "ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ አትሄድም። ለእነሱ ንገራቸው።"

እሑድ ዕድርተኛው ሲሰበሰብ ከሰብሳቢው ፈቃድ ለምኜ ቆምኩ። እህቴ ከሴቶቹ ጀርባ ቆማለች። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቀፎው፣ ስለ ቀኝና ግራ አስረዳሁ፤ ማንም አልገባውም። እርስ በርስ ይተያያሉ። ካሜራውን አንስቼ እያሳየሁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በለቅሶው ቀን ከእህቴ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ።

"ቆይ ልጄ። የያዝከውን መኪና ነገር እኔ አላውቅም። እሷ ከፈተችው። አንተ ደግሞ ጎተትከው። ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ። ለምንድን ነው የጎተትከው?"

ካሜራውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"ጥፋቷን እንድታዩልኝ ነው፣ እማማ" አልኩ።

ሁሉም ወደ እህቴ ዞሩ። እኔ ከሰደብኳት ቀን ወዲህ በእናቷ ለቅሶ እንኳን ድምጿን አሰምታ አላለቀሰችም ነበር፤ ማን ፊት ታልቅስ? ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ "እማዬ!" አለች። ሴቶቹ ተነስተው ከበቧት፣ ደረታቸውን እየመቱ አብረዋት አለቀሱ። በሦስት ዓመቱ እናታችን እንደገና ተለቀሰች።