ያልቀመስኩት ጨው

የዚያን ዓመት ሁዳዴ እየጾምኩ ነው ብዬ የዋሸሁት በይሉኝታ ነው። ጋሼ ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ እኔ ገና አርባን ማለፌ ነው፤ እሳቸው ባዶ ሆዳቸውን የጀልባ ሞተር ክፍል ውስጥ ተጣጥፈው ሲገቡ እያየሁ "እኔ በልቼ ነው የመጣሁት" ልበል? ድፍረቱን ከየት ላምጣ! "ትጾማለህ አይደል?" ሲሉኝ "እንዴታ ጋሼ!" አልኩ። ያኔ ከሰፈሬ ከስፕሪንግ ቫሊ እስከምንሠራበት ሐይቅ መኪና እየነዳሁ የገመጥኩት የእንቁላል ሳንዱች ገና ከሆዴ አልወረደም ነበር።

ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ነበሩ። በስደት አሜሪካ ገብተው ግን ላስ ቬጋስ፣ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ካዚኖው ሲዘጋ እሳቸውም፣ እዚያው ሳህን አነሳ የነበርኩት እኔም ቤት ቀረን። በኋላ ሐይቁ ላይ ጀልባ የሚጠግን ሰውዬ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄደው ተቀጠሩ። እኔንም "ዋሱ እኔ ነኝ" ብለው አስገቡኝ። የመጀመሪያ ቀን የሞተሩን ክዳን ሲከፍቱ ፊታቸው እንዴት እንደበራ! "ከእንግዲህ የማንንም መኪና ቁልፍ አልይዝም፤ በሙያዬ ነው የምሞተው" አሉኝ።

ሥራው አድካሚ ቢሆንም ውስብስብ አልነበረም። ክዳኑን ከፍተን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ እንዳብሳለን፤ ጨርቁ ከረጠበ ያፈሳል ማለት ነው። ሐይቁ ጨው የለውም። አንዳንዱ ጀልባ ግን ካሊፎርኒያ ባሕር ላይ ከርሞ ስለሚመጣ ጨዉን በሆዱ ይዞ ይመጣል። አንድ ረቡዕ ጧት እንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ውስጥ፣ ውሃ ከውጭ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ በብረት ቀለበት የታሰረበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ አገኘን።

"ይኸ ወይ ኖራ ነው ወይ ጨው ነው" አሉ ጋሼ። "የዚህ አገር ውሃ ኖራ ይተዋል፤ እሱን ጠርጎ መተው ነው። ጨው ከሆነ ግን ከሥሩ ብረቱን እየበላው ነው፣ ቀለበቱ ዛሬውኑ ይለወጣል። ዓይን ይሳሳታል፣ ምላስ ነው የሚለየው።" ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱና መለሱት። "ውይ! ጾም ላይ ነኝ። አንተም ጾመኛ ነህ።" ኧረ ምን ይውጠኝ! ያን ጊዜ "እኔ እንኳ በልቻለሁ" ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጨርቄን አንስቼ ወደሚቀጥለው ቱቦ ዞርኩ።

የኮቪድ ክትባት ቀጠሮ ስለነበራቸው እኩለ ቀን ላይ ሄዱ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾምህን ስትፈታ መጀመሪያ ቅመሰው፤ ጨው ከሆነ ቀለበቱን ቀይር" ብለውኝ ነበር። ብቻዬን ስቀር ያ በዘይት የተለወሰ ነገር አስጠላኝ። ጠረግኩት፣ በውሃ አጠብኩት፣ ብልጭ አለ። ከዘጠኝ በኋላ ደወሉ።

"ቀመስከው?"

"አዎ ጋሼ። ኖራ ነው።"

"ጎበዝ! በል አሁን እህል ቅመስ፣ ደክሞሃል።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔን ለማቅለል አሥር ቀን በቃ። ጧት ስንደርስ ጀልባው ጭራው ሰምጦ፣ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ነው። ቀለበቱ ተበልቶ ተበጥሶ ነበር። አሠሪያችን በቁጣ "ይህን ማነው ቼክ ያደረገው?" ሲል ጋሼ ከፊቴ ቀደሙ። "እኔ ነኝ። ኖራ ነው ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።" በቆሙበት አሰናበታቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለበት!

መሣሪያቸውን እስከ መኪናቸው ተሸከምኩላቸው። እዚያ ልናገር ብዬ "ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ…" ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

"ተው፣ ራስህን አትውቀስ። ምላስ በጾም ሲደርቅ ጣዕም አይለይም። ጾመኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቅመስ ማለቴ ነው ስህተቱ።"

የጥፋቴ ቀዳዳ ሁሉ በዚያች የውሸት ጾሜ ተደፈነልኝ፤ ያውም በእሳቸው እጅ። የጀመርኩትን ቃል መልሼ ዋጥኩት። እኔ ሐይቁ ላይ ቀረሁ፣ እሳቸው ካዚኖው ሲከፈት ወደ ሰው መኪና ቁልፋቸው ተመለሱ።

ለፋሲካ እቤታቸው ጠሩኝ። ባለቤታቸው የዶሮውን ወጥ ይዘው ሲመጡ ጋሼ ከሳህኑ ላይ ትልቁን እንቁላል መርጠው በእንጀራ ጠቀለሉ።

"ለእሱ ነው መጀመሪያ" አሉ ለሚስታቸው። "ሁለት ወር ሙሉ እንቁላል በአፉ ሳይዞር ነው ከእኔ ጋር የለፋው።"

እጃቸው አፌ ድረስ መጣ። አፌን ከፍቼ ጎረስኩ።