ወላጅ አምጪ

ባለፈው ሳምንት ጀሞ ታክሲ ስጠብቅ፣ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በመኪኖቹ መሀል ሹልክ ብላ አስፋልቱን ስታቋርጥ አየሁ። ሚኒባሱ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ሞት አማረሽ እንዴ?» አላት። እሷ ግን ዓይኗ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበር። ሞትስ አላማራትም፤ አርፍዳ ነው። ታክሲ መጠበቁን ትቼ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጫልቱ የልጅነት ጓደኛዬ ነበረች። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላው ሜዳ ያኔ የጤፍና የሽንብራ እርሻ ነበር፤ አባቷ ጋሽ ደበላ እዚያ ያርሱ ነበር። እሷ ማለዳ ላሞቹን አልባ፣ ወተቱን ለደንበኞች አድላ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ልብሷ ወተት ወተት ይሸታል። በጨርቅ የቋጠረችውን ጭኮ መንገድ ላይ ስታካፍለኝ ቅቤው ጣቴ ላይ ይቀር ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት አታርፍድ?

ትምህርት ቤታችን መካኒሳ አቦ፣ ከወንዙ ማዶ ነበር። የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሲያበቃ በሩ ይዘጋል፤ ያረፈደ ወላጅ አምጣ ይባላል። በድልድዩ መዞር ሩቅ ነው፤ ድንጋይ ድንጋዩን ረግጦ ለተሻገረ ግን ይደረሳል። ጫልቱ በጋውን ሙሉ ስትሻገር ከረመች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ለካ ለተረት ብቻ አይደለም።

አንድ ጊዜ ወላጅ አምጪ ተብላ ጋሽ ደበላ መጥተው ነበር። ዳይሬክተሩ በልጆች ፊት አመናጨቃቸው። ያን የሚያህል ሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ቤት ሲደርሱ ግን፣ «ሁለተኛ ከተጠራሁ ትምህርት የሚባል የለም፤ ከከብቶቹ ጋር ትውያለሽ» አሏት። ጫልቱ ደግሞ ነርስ ካልሆንኩ የምትል ልጅ ነበረች።

የሰኔ ጠዋት ነበር። በእኛ በኩል ፀሐይ ወጥታለች፤ ወደ እንጦጦ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ወንዙ ዳር ስንደርስ መዝሙሩ ከማዶ ይሰማል።

«ዛሬስ በድልድዩ እንዙር፤ ውሃው ደፍርሷል» አልኳት።

«አንቺ ዙሪ። ያንቺ እናት ብትጠራ እየሳቀች ነው የምትመጣው» አለችና ጫማዋን አወለቀች።

እውነቷን ነበር። ወንዙም በሩም አንድ ነው፤ ቤት የሚጠብቀን ግን ለየቅል ነበር። ለእሷ ውሃው ምናልባት ነው፤ የአባቷ ቁጣ እርግጥ ነው። ሰው ደግሞ እርግጡን ሸሽቶ ምናልባቱን ይደፍራል።

መሀል ስትደርስ ከላይ ጉምጉምታ ሰማሁ። ደራሽ ጎርፍ ነበር። «ጫልቱ፣ ተመለሽ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላ ያየችው ውሃውን አልነበረም፤ በሩን ነው። ከዚያ ወሰዳት።

አስከሬኗ ከታች ርቆ ተገኘ። ሣልስቷ እንዳለፈ ጋሽ ደበላ በሰልፍ ሰዓት ወደ ግቢያችን ገቡ። ዳይሬክተሩ ፊት ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወላጅ አምጪ ልትሏት አልነበር? ይኸው መጥቻለሁ» አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኛም ሰልፉን አፍርሰን አለቀስን፤ ዝም በሉ ያለን አልነበረም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ብታረፍድ፣ ዕቃ ብትሰብር፣ ፈተና ብትወድቅ አልቆጣም። እናቷ፣ «እማዬ፣ አበላሸሻት እኮ» ትለኛለች። ቅጣት ሰው ያደርጋል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አልከራከራቸውም። እኔ ግን ልጅ ከሁሉ አብልጣ እኛን መፍራት ስትጀምር ሌላውን ሁሉ መፍራት እንደምትተው አይቻለሁ። ትበላሽ። ብቻ ከነጥፋቷ ወደ ቤት ትምጣልኝ።