የትነበርሽ ያየችው ቅስት

ሐረገወይን በጎንደር ለአርክቴክቸር ተማሪዎች የእጅ ንድፍ ስታስተምር አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ማስመሪያም ኮምፒውተርም ክፍሏ አይገቡም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ዓይን ብቻ። በዚያ ሳምንት ግን ሆደ ባሻ ሆናለች። ኮርሱ ሊታጠፍ ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል። "በዚህ ዘመን በእጅ መሳል ምን ሊረባ?" የሚሉ ባልደረቦቿም በዝተዋል። የተማሪዎቿ ሥራ እንከን እንዲገኝበት አልፈለገችም።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዝናብ ሲያወርደው ባደረ ማግስት፣ ተማሪዎቿን ይዛ ፒያሳ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ አያ ሰጠኝ ቤት ሄደች። አያ ሰጠኝ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከአባታቸው በወረሱት የድንጋይ ፎቅ፣ በበሩ ቅስት ሥር፣ የሲንጀር ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ።

ተማሪዎቹ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጠው ይስሉ ጀመር። ሐረገወይን እየዞረች ስታይ የትነበርሽ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። የትነበርሽ ከዛሪማ የመጣች፣ ቃል የማታበዛ ተማሪ ናት። በወረቀቷ ላይ የቅስቱ የመሀል ድንጋይ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሏል።

"ይሄ ምንድን ነው? አጥፊውና እንደገና ሳዪው!"

"መምህርት፣ ያየሁትን ነው የሳልኩት።"

"ባለፈው ሳምንት እዚሁ የሳልሽውን አውጪና አስተያዪው እስቲ!"

ልጅቱ ደብተሯን ገለጠች። በዚያኛው ንድፍ ድንጋዩ ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። ሐረገወይን "አየሽ?" ልትል አፏን ከፈተችና ዓይኗ ወደ ቅስቱ ሄደ። ክንዷን ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በእርሳሷ ለካች። ደግማ ለካች። ክው አለች። ድንጋዩ አንድ ጣት ያህል ወርዷል፤ በጎኑ ያለው ኖራ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ከሥሩ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ።

መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።

"አያ ሰጠኝ፣ ይነሱ! ቅስቱ ሊወርድ ነው!"

"ምነው ልጄ? አባቴ የሠራው ሸጋ ቤት እኮ ነው፤ ስንት ክረምት ችሏል። ይቺን እጅጌ ልጨርስና..."

"እጅጌው ይቅር!"

ክንዳቸውን ይዛ ጎተተቻቸው፤ የትነበርሽም ደርሳ በሌላው በኩል ደገፈቻቸው። "ሴትዮዋ አብዳለች እንዴ?" አለ አንድ መንገደኛ። ማዶ ተሻግረው ቆሙ። ምንም የለም። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሁንም ምንም የለም። የሐረገወይን ፊት በላብ ተጠመቀ። ነገ በየቢሮው የሚሳቀው ሳቅ ከወዲሁ ተሰማት።

"ሥራ አስፈታችሁኝ!" አሉ አያ ሰጠኝ፣ ክንዳቸውን መንጭቀው ሊመለሱ ሲሉ። ሐረገወይን ከፊታቸው ተገተረች።

"ከፈለጉ ይምቱኝ እንጂ አያልፉም።"

ተናግራ ሳትጨርስ ድንጋዩ ወረደ። ከላዩ ያለው ግንብ ተከተለው፤ ሲንጀሩ በፍርስራሽ ተዋጠ። አቧራው ሲበርድ ሽማግሌው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው የሐረገወይንን እጅ ጭምድድ አድርገው ይዘዋል። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣለች።

ቀና ብላ የትነበርሽን አየቻት።

"በየቀኑ ነው እኮ በዚህ የማልፈው። ቅስት እንዴት እንደሚቆም ስለማውቅ ይሆናል፣ ልብ ብዬ አላየሁትም። አጥፊው ብዬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ።"

የትነበርሽ አቀርቅራ የተበተኑትን እርሳሶች መልቀም ጀመረች።

አያ ሰጠኝን ልጃቸው መጥታ ወደ ኮላ ድባ ወሰደቻቸው። ኮርሱም ሳይታጠፍ ቀረ፤ ሰዓቱ ግን በግማሽ ተቀነሰ። ሐረገወይን አቤቱታዋን ጽፋ አስገብታለች፤ መልሱ ገና አልመጣም።